ከወር አበባ በፊት የሚመጣን ከባድ የስሜት መታወክ ይዞ ለመኖርና ደጋፊ ለማግኘት

ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ አምስት ብር መልሴን ስላዘገየብኝ ብቻ ድምፄ እስኪሰነጠቅ የጮኽሁበትን፣ ከዚያም ኮተቤን እስክናልፍ ድረስ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ያለቀስሁበትን ማታ ዛሬም አልረሳውም። በሦስተኛው ቀን የወር አበባዬ መጣ፤ በአምስተኛው ቀን በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ አንጎራጉር ነበር። ባለፈው ወር ከእንጀራ ሻጯ ጋር፣ በፊተኛው ወር ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ተመሳሳይ ነገር ደርሶ እንደነበር፣ ሁሉም የደረሰው የወር አበባዬ ሊመጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እንደሆነ ያስተዋልሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላዋ ሴት የእኔን ያህል እንዳትዘገይ ነው።

ሕመሙ በሕክምናው ዓለም ፒኤምዲዲ ይባላል። በአማርኛ የተደላደለ ስም ስላልወጣለት እኔ «ከወር አበባ በፊት የሚመጣ ከባድ የስሜት መታወክ» እለዋለሁ፤ ስሙ ቢረዝምም ነገሩን አይደብቅም። አብዛኞቻችን የወር አበባችን ሲቃረብ ጡታችን ያመናል፣ ሆዳችን ይነፋል፣ ትንሽ እንነጫነጫለን፤ ይህ የተለመደ ነው። ፒኤምዲዲ ግን ከዚህ የተለየ ነው፦ ከሥራ የሚያስቀር፣ ትዳር የሚያናጋ፣ አንዳንዴም መኖርን የሚያስጠላ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት መሠረት የወር አበባ ከሚያዩ 100 ሴቶች መካከል ከ 3 እስከ 8 የሚደርሱትን ይይዛል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ 2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ ከድብርት ሕመሞች ጋር መድቦታል፤ ከ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባም ውስጥ ይገኛል። እነዚህን ዓመታት የምጠቅሰው «እንዲህ የሚባል በሽታ የለም» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥማችሁ አፋችሁ እንዳይያዝ ብዬ ነው።

መነሻው የሆርሞን ብዛት ወይም እጥረት አይደለም። ይህ ሕመም ያለባት ሴት የሆርሞን መጠን በአብዛኛው ከሌላው ሴት የተለየ ሆኖ አይገኝም፤ የሚለየው እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ከፍና ዝቅ ሲል አንጎሏ ለለውጡ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ፕሮጄስትሮን በሰውነት ውስጥ ሲሰባበር አሎፕሬግናኖሎን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣዋል፤ በሌሎች ሴቶች ላይ አእምሮን የሚያረጋጋው ይህ ንጥረ ነገር በእነዚህ ሴቶች ላይ የሚገባውን ሥራ የማይሠራ፣ እንዲያውም የሚገለብጥ ይመስላል። ስለዚህ በግል ላቦራቶሪ ብዙ ገንዘብ ከፍላችሁ ሆርሞናችሁን አስለክታችሁ ውጤቱ «ኖርማል» ቢባል፣ ሕመሙ የለባችሁም ማለት አይደለም። ለዚህ ሕመም የሚሆን የደም ምርመራ የለምና።

በእኛ ሰፈር ግን ነገሩ ሌላ ስም አለው። «ዓመሏ ተነሣባት» ይባላል፤ ከፍ ሲል «ዓይነ ጥላ ነው» ይባላል፤ ልጅቷ ወጣት ከሆነች ደግሞ «ቅብጠት» ተብሎ ይታለፋል። ጸበል ከሚሄዱት አንዷ ነኝና በጸበል ላይ የምናገረው ክፉ ነገር የለኝም። መድኃኒት እየወሰዱ መጠመቅ ይቻላል፤ አደጋው የሚመጣው «እምነትሽ ከጎደለ ነው» ተብሎ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ነው።

መዝገቡን ማዘጋጀት

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሐኪም አይደለም፤ ደብተር ነው። ሕመሙ የሚረጋገጠው በሚታወስ ነገር ሳይሆን ዕለት ዕለት በተጻፈ ነገር ነው፤ ቢያንስ ለሁለት የወር አበባ ዙር። ምክንያቱም ሕመሙ ላይ ስንሆን ሕይወታችን ሁሉ እንዲሁ የነበረ ይመስለናል፣ ሲለቀን ደግሞ ያን ያህል እንዳልነበረ አድርገን እናቃልለዋለን፤ ሁለቱም ትዝታ ሐኪሙን ያሳስታል።

እኔ የምጠቀምበት ተራ ባለ ካሬ ደብተር ነው። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ቀኖቹን እጽፋለሁ፤ ነገር ግን የወሩን ቀን ሳይሆን የዙሩን ቀን ነው የምቆጥረው። ደም የታየበት የመጀመሪያ ቀን 1 ይሆናል፣ ማግስቱ 2፣ እንዲህ እያለ ቀጣዩ ደም እስኪመጣ። የዘመን መቁጠሪያችን ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ጳጉሜንን ግን አትርሷት። አንድ ዓመት እነዚያን 5 ቀናት ዘልዬ ቆጥሬ መስከረም ላይ ስሌቴ ሁሉ ተፋልሶብኝ ነበር። ከላይ ደግሞ ስሜቶቹን በየዓምዱ እጽፋለሁ፦ ንዴትና ከሰው ጋር መጋጨት፤ ሆድ መባስና ድንገተኛ ልቅሶ፤ ተስፋ መቁረጥ ወይም ራስን መጥላት፤ ጭንቀትና መወጠር። አራቱ ዋናዎቹ ናቸው፤ ከእነርሱ ቢያንስ አንዱ ሳይኖር ፒኤምዲዲ አይባልም። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ነገር ዓለሙን መሰልቸት፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት፣ «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» የሚል ስሜት፣ በመጨረሻም እንደ ጡት ሕመም፣ እንደ ሆድ መነፋትና እንደ መገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለው የሰውነት ምልክት ነው። ሐኪሞቹ ከእነዚህ 11 ምልክቶች በድምሩ ቢያንስ 5 ይፈልጋሉ።

በየካሬው ውስጥ ከ 1 እስከ 6 ነጥብ ስጡ፤ 1 ምንም የለም ማለት ነው፣ 6 እጅግ የከፋ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከእራት በኋላ፣ ሙሉት። በገጹ ጠርዝ ላይ ሕመሙ ያስቀረባችሁን ነገር በአጭሩ ጻፉ፦ «ሥራ አልሄድሁም»፣ «ልጄን መታሁት»፣ «ለቅሶ ቤት ሳልደርስ ቀረሁ»። ለሐኪሙ ከቁጥሩ ይልቅ የሚናገረው ይህ ጠርዝ ነው፤ ስሜቱ ኑሮን ካላደናቀፈ እንደ ሕመም አይቆጠርምና። አንድ ማታ ካለፋችሁ በማግስቱ ገምታችሁ አትሙሉ፤ ባዶውን ተዉት።

ሁለቱ ዙር ሲያልቅ ገጹን ራቅ አድርጋችሁ ተመልከቱት። የወር አበባው ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት 5 እና 6 በዝቶ፣ ደም ከታየ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወርዶ፣ ከወር አበባ በኋላ ያለው ሳምንት በሙሉ 1 እና 2 ከሆነ ፒኤምዲዲን ያመለክታል። ወሩን ሙሉ 4 እና 5 ሆኖ ከወር አበባ በፊት ወደ 6 የሚወጣ ከሆነ ግን፣ ከሥር ሌላ ድብርት ወይም የጭንቀት ሕመም ኖሮ የወር አበባው ያባባሰው ሊሆን ይችላል። ይህም ይታከማል፤ አካሄዱ ግን የተለየ ስለሆነ መለየቱ ይጠቅማል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ

ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች መጀመሪያው በር የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ፣ የሪፈር ወረቀት ትጠየቃላችሁ። በጤና ጣቢያው የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱም ድካምን፣ መነጫነጭንና ድብርትን ያመጣሉና አስቀድመው መጣራት አለባቸው። የእንቅርት ምርመራው እዚያ ከሌለ ወደሚሠራበት ይልኳችኋል። ከየካ አባዶና ከአያት አካባቢ ለሚነሳ ሰው የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት የሚሰጠው የኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ መርካቶ አካባቢ ነው። «አማኑኤል ሄደች» መባልን የሚፈራ ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት ግን አንድ የባንክ ሠራተኛና አንዲት አስተማሪ ነበሩ።

የምትናገሩት አጭር ይሁን። «በጣም እናደዳለሁ» ብሎ መጀመር ምክር ብቻ ያተርፋል። ከዚያ ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «የወር አበባዬ ሊመጣ ስምንት ቀን ያህል ሲቀረው ይጀምረኛል፣ ደም በታየ በሁለተኛው ቀን ይለቀኛል፣ የሁለት ወር መዝገብ ይዣለሁ።» ከዚያም ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። መጀመሪያ የሄድሁበት ክሊኒክ ያየኝ ባለሙያ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ስትወልጂ ይለቅሻል» ብሎ የቫይታሚን መርፌ ጻፈልኝ። እርግዝና ዙሩን ስለሚያቆም ለጊዜው ይቀል ይሆናል፣ የወር አበባ ሲመለስ ግን ሕመሙም ይመለሳል። ደብተር ይዤ ሌላ ቦታ በሄድሁ ጊዜ ሐኪሟ ገጹን በጣቷ እየተከተለች ሦስት ደቂቃ ያህል ዝም ብላ አነበበችው፤ ያ ዝምታ ከምክር ሁሉ በልጦብኛል።

ስለ መድኃኒቱ

በቅድሚያ የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ የድብርት መድኃኒቶች ናቸው። የሚያስገርመው ነገር፣ ለተለመደው ድብርት ሳምንታት የሚፈጁት እነዚሁ መድኃኒቶች ለፒኤምዲዲ በቀናት ውስጥ ሥራ መጀመራቸው ነው። በዚህም ምክንያት ሐኪሙ በየቀኑ ወይም እንቁላል ከወጣ በኋላ ባሉት 14 ቀናት ገደማ ብቻ እንዲወሰዱ ሊያዝ ይችላል፤ የደብተሩ ቀን ቆጠራ እዚህም ያገለግላል። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ መዛባትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል፤ የፍትወት ፍላጎት መቀነስም አለ፣ ይህንም ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩ። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ለምትጾም ሴት በባዶ ሆድ መዋጥ ማቅለሽለሹን ሊያብስባት ስለሚችል፣ ሰዓቱ ከምግቧ ጋር እንዲገጥም ሐኪሙን ትጠይቅ። በየቀኑ የምትወስድ ሴት በድንገት ማቋረጥ የለባትም። ከዚህ በፊት ከመጠን በላይ የመነቃቃት ሕመም የነበረባት፣ ያረገዘች ወይም ልታረግዝ ያሰበች፣ እንዲሁም የምታጠባ ሴት አስቀድማ ትናገር። ዕድሜያቸው ከ 25 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊበረታባቸው ስለሚችል ቅርብ የሆነ ሰው ይከታተላቸው።

ሁለተኛው መንገድ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ሲሆን፣ ለዚህ ሕመም በተሻለ የተጠናው ድሮስፒረኖን የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ነው። የደም ግፊት፣ የደም መርጋት ታሪክ ወይም ዓይንን እያንጸባረቀ የሚጀምር ማይግሬን ያለባት ሴት ግን ያለ ሐኪም አትጀምረው። እዚህ ላይ እኛ አገር ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ በጤና ጣቢያ በብዛት የምንወስደው በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ ያላቸው ናቸው፤ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ስሜትን ሊያባብሱ ይችላሉ። የወሰዳችሁበትን ቀን በደብተሩ ላይ አስፍሩ፤ ከዚያ በኋላ ነጥቡ ከፍ ካለ ለሰጠቻችሁ ባለሙያ አሳዩ። በራሳችሁ ፈቃድ አቋርጣችሁ ያላሰባችሁት እርግዝና እንዳይመጣ ተጠንቀቁ።

ሐሳብንና ድርጊትን ለማስተካከል የሚረዳ የምክር ሕክምናም ጥቅም አለው። ካልሲየም ከወር አበባ በፊት ለሚመጡት የተለመዱ ምልክቶች በመጠኑ እንደሚረዳ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በእነዚያ ጥናቶች የተሰጠው በቀን 1200 ሚሊግራም ያህል ነበር። ጤፍ፣ ጎመንና ወተት ካልሲየም አላቸው፤ ክኒኑን የምትፈልግ ሴት ግን የኩላሊት ጠጠር ካለባት ትጠይቅ። ቡናን በተመለከተ፣ በእነዚያ ቀናት እኔ ከአቦል አላልፍም፤ ቶናውንና በረካውን የምጠጣ እንደሆነ ሌሊቱን ጣራ እያየሁ አነጋለሁ።

ቤትንና ሰዎችን ማዘጋጀት

ደኅናው ሳምንት የክፉው ሳምንት ስንቅ ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በደኅናው ሳምንት ጀሪካኖቹን ሁሉ እሞላለሁ፤ ሽሮው ይፈጫል፣ ቁሌት ተሠርቶ ፍሪጅ ይገባል፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፈላል። ውኃ ያለቀበት ቤትና 6 ያለበት ቀን አንድ ላይ ሲገጥሙ ምን እንደሚሆን የደረሰባት ታውቀዋለች። ትልልቅ ውሳኔዎችን፣ ለምሳሌ ሥራ መልቀቅን፣ ከቤት መውጣትን፣ ብድር መግባትን፣ ደብተሩ ወደ 1 እስኪመለስ አቆያለሁ፤ ሐሳቡ ትክክል ከሆነ በዚያም ሳምንት ትክክል ይሆናል።

ለባለቤታችሁ የምትነግሩት በደኅናው ሳምንት፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ደብተሩን ይዛችሁ ይሁን። በጠቡ መካከል «ሕመሜ ነው» ማለት ሰበብ ይመስላል። እኔ ያልሁት ይህን ነበር፦ «በእነዚህ ቀናት የምናገረው ሁሉ ውሸት ነው አልልህም፤ ድምፁ ግን አሥር እጥፍ ነው። በዚያን ጊዜ አትከራከረኝ፣ ልጆቹን ይዘህ ትንሽ ውጣ፤ ያነሣሁትን ነገር ደም በመጣ በአራተኛው ቀን እንነጋገርበታለን።» በአራተኛው ቀን መነጋገሩ ግዴታ ነው፤ አለዚያ እርሱ ቅሬታዬን ሁሉ «ቀንሽ ደርሷል» ብሎ መዝጊያ ያደርገዋል። ይህ ቃል በቤታችን የተከለከለ ነው።

ለሁሉም ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ቀጭን ነው፣ የቡና ወሬም ከፎቅ ፎቅ ይወርዳል። ሁለት ሰው ይበቃል። አንዷ ቱሉ ዲምቱ የምትኖር እኅቴ ናት፤ ክፉው ቀን ሲጀምር በስልክ «21» ብዬ ብቻ እልክላታለሁ፣ የዙሩ ቀን ማለት ነው። ማብራራት የለብኝም፤ ማታ ትደውላለች፣ ካላነሣሁ ባለቤቴ ጋር ትደውላለች። ሁለተኛዋ ከላይ ፎቅ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ ቡና ሳልወጣ ብቀር አይቀየሙኝ» አልኋቸው አንድ ቀን ከበሩ ሳልወጣ።

«ምነው ልጄ፣ ያው ነገር ነው?»

«ያው ነው።»

«በይ እንግዲያውስ ልጄ ታወርድልሻለች። በሩን ብቻ ክፈቺላት።»

በሥራ ቦታ ለአለቃ ስለ ወር አበባ መናገር አያስገድድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ፣ በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ የሕመም ፈቃድ በ 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። ፈቃድ ባትወስዱም በደብተሩ መሠረት ከባድ ስብሰባን ወይም የሒሳብ መዝጊያን በሦስት ቀን ማንሸራተት ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ሐሳቡ ወደ ሞት ሲያዘነብል

ይህ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሌሎች በበለጠ ይመጣባቸዋል፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ሐሳቡ ከመምጣቱ በፊት ያለቀ ይሁን። በቤት ያለ መድኃኒትና መርዛማ ነገር በእነዚያ ቀናት በሌላ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ የእኔን ክኒን ባለቤቴ በየቀኑ ቆጥሮ ይሰጠኛል። ሐሳቡ ሲመጣ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ስም አውጥታችሁ «መሞት እያሰብሁ ነው» በሉ፣ «ደክሞኛል» ማለት ሰው አያነቃም። ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ መኪና ካልተገኘ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ 907 ይጠራል። አጠገባችሁ ያለው ሰው «ነገ ይለቃታል» ብሎ አይጠብቅ። ደሙ ሲመጣ እንደሚለቅ ማወቅ ይረዳል፣ ሌሊቱን ግን ሰው ካልጠበቀ አይታለፍም።

ሕመሙን የሚጋሩ ሴቶችን ማግኘት

ዓለም አቀፉ የቅድመ ወር አበባ ሕመሞች ማኅበር በኢንተርኔት የእርስ በርስ ድጋፍ ይሰጣል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ለአብዛኞቻችን የሚቀርበው ግን ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ በየብሎኩ ማን ምን እንዳለበት የምታውቅ እርሷ ስለሆነች፣ ስማችሁን ሳትጠራ «እንዲህ ያለ ነገር የሚያውካት ሌላ ሴት ካለች ልታናግረኝ ትችላለች» ብላ እንድታደርስላችሁ ጠይቋት። እኛ አሁን ሦስት ነን። በወር አንድ ጊዜ፣ ሦስታችንም በደኅናው ሳምንት ላይ የምንሆንበት ቀን ከተገኘ፣ አንዳችን ቤት እንገናኛለን፤ ቀኑን የምንመርጠው ሦስቱን ደብተር ጎን ለጎን ዘርግተን ነው። በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለችው ጓደኛችን ዙሯ መዛባት ስለጀመረና በዚህ ዕድሜ ሕመሙ ሊከፋ ስለሚችል፣ እርሷ በአዲስ ገጽ ላይ የደም መምጫዋን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ለብቻ እየጻፈች ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ለሐኪሟ የምታሳየው እርሱን ነው።